ማሪያ አና ለንደን ብትገባ ኖሮ፦ ለአንድ «ቢሆን ኖሮ» የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አንብቤ ምላሴን በላኝ። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። በ1623 የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ ቻርልስ ሙሽራ ፍለጋ ማድሪድ ድረስ ሄዶ ነበር። የፈለጋት የስፔኑን ንጉሥ የፊሊፕ አራተኛን እህት ማሪያ አናን ነው። አልተሳካለትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊቷን ሄንሪየታ ማሪያን አገባ። ከዚያ ንግሥና፣ ከፓርላማ ጋር ጠብ፣ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በመጨረሻም በ1649 ለንደን ላይ አንገቱ በመጥረቢያ ተቆረጠ። ጸሐፊው «ስፔናዊቷን ቢያገባ ኖሮ አንገቱ ይተርፍ ነበር» ይላሉ።

ምክንያታቸው አምስት ነው። አንደኛ፣ ጋብቻው ያለቀለት ነበር፤ ያበላሸው አብሮት የሄደው የባኪንግሃም ግልፍተኝነት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የስፔን ጥሎሽ ቻርልስን ፓርላማ ደጅ ከመጥናት ያወጣው ነበር። ሦስተኛ፣ ስፔን ለእህቱ ባል የተነጠቀውን የጀርመን ግዛት ፓላቲኔትን ታስመልስለት ነበር፤ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነትም በአጭሩ ይቀጭ ነበር። አራተኛ፣ ማሪያ አና ጭምት ስለነበረች ሕዝቡ እንደ ሄንሪየታ አይጠላትም ነበር። አምስተኛዋ እኛን ትነካለች። ቢብስ ቢብስ ቻርልስ «የእንግሊዙ ሱስንዮስ» ሆኖ፣ ለልጁ ዙፋኑን ለቆ፣ በአልጋው ላይ ይሞት ነበር ይላሉ። መዝጊያቸው ላይ ደግሞ ፊሊፕ አማቹ ሲገደል እጁን አጣጥፎ አያይም ነበር ብለው ይጨምራሉ።

ከሁለተኛው በቀር አንዱም አላሳመነኝም። ሁለተኛውም ያሳመነኝ ግማሹ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እሱም ቢሆን ያኔ አንድ አልነበረም። እንግሊዝ አሮጌውን የዩልዮስ አቆጣጠር ሙጭጭ ብላ ይዛ ስለነበር ከስፔን 10 ቀን ወደ ኋላ ነበረች። ዓመቷንም የምትቀይረው በማርች 25 ነው። ቻርልስ በጃንዋሪ 1649 ሲሞት፣ ለገደሉት ሰዎች ዘመኑ ገና 1648 ነበር። ለእኛ ይህ ብዙም አይገርምም።

ከባኪንግሃም ልጀምር። ጸሐፊው ጥፋቱን ጠቅልለው እሱ ላይ ጥለዋል። ሰውየው ንጹሕ ነበር አልልም። የቻርልስ አባት የንጉሥ ጄምስ የልብ ሰው ነበርና የልብ ልብ ተሰምቶታል። የስፔንን ቤተ መንግሥት ሥርዓት እንደ ቀልድ ነው ያየው። ከፊሊፕ ዋና ባለሥልጣን ከኦሊቫሬስ ጋርም ተኳርፎ ነው የተለያየው። ግን ነገሩ የተበላሸው ማድሪድ ሳይደርስ ነው። ለዚህ ምስክር አለኝ።

ምስክሬ ፍራንሲስ ኮቲንግተን ይባላል። ስፔን ውስጥ ለዓመታት በዲፕሎማትነት የሠራ፣ ያን ጊዜ የቻርልስ ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው። ልዑሉና ባኪንግሃም «ማድሪድ ካልሄድን» ብለው ንጉሡን ሲጨቀጭቁት፣ ጄምስ ኮቲንግተንን አስጠርቶ ምን ይመስልሃል አለው። ኮቲንግተን እየተንቀጠቀጠ እውነቱን ተናገረ። ልዑሉ እጃቸው ከገባ፣ ስፔኖች እስከ ዛሬ የተስማሙበትን ትተው አዲስ ነገር ይጠይቃሉ፤ በተለይ በሃይማኖት በኩል። ጄምስ አልጋው ላይ ተዘርሮ «ጠፋሁ፣ ልጄን ላጣው ነው» እያለ ጮኸ። ባኪንግሃም ኮቲንግተንን ሰደበው፣ ዛተበት። ከዚያስ? ሄዱ። ኮቲንግተንንም አስከትለው ሄዱ።

አካሄዳቸው ራሱ ጉድ ነው። ቻርልስ 22 ዓመቱ፣ ባኪንግሃም 30። ሰው ሠራሽ ጺም ለጠፉ። ስማቸውን ቶም ስሚዝና ጆን ስሚዝ አሉ፤ እኛ ጋ አበበና ከበደ እንደማለት ነው። ቴምዝን ሲሻገሩ ለጀልባው የሚከፍሉት ዝርዝር ስላልነበራቸው ወርቅ ሰጡ። ጀልበኛው ጠረጠረ። ባሕር ማዶ ተሻግረው ሊገዳደሉ የሚሄዱ ባላባቶች መሰሉትና ለሹማምንት ተናገረ። ካንተርበሪ ላይ ሊያዙ ሲሉ ባኪንግሃም ጺሙን አውልቆ «የባሕር ኃይሉ አዛዥ ነኝ፣ መርከቦቹን በድብቅ ልጎበኝ ነው» ብሎ አለፈ። ፓሪስ ላይ የቤተ መንግሥት ጭፈራ ልምምድ ቆመው አዩ። የቻርልስ ዓይን ከፈረንሳይ ንግሥት አልወረደም፤ የማሪያ አና ታላቅ እህት ናታ። እዚያው ከሚጨፍሩት መሃል የ13 ዓመቷ ሄንሪየታ ማሪያ ነበረች።

ከለንደን በተነሱ በ17ኛው ቀን ማድሪድ ገቡ። እኛ አገር ሽማግሌ የሚላከው ለምንድን ነው? ሙሽራው ራሱ ደጅ ከቆመ ዋጋው ይወርዳል። ስፔኖችም ያዩት እንደዚያ ነው። የፕሮቴስታንት አልጋ ወራሽ ሳይጠራ ከመጣ፣ ካቶሊክ ሊሆን ነው እንጂ ሌላ ምን ያመጣዋል? ካቶሊክ እንደማይሆን ሲገባቸው ደግሞ ልክ ኮቲንግተን እንዳለው ዋጋውን ከፍ አደረጉ። የእንግሊዝ ካቶሊኮች በእምነታቸው እንዳይከሰሱ። ይህንንም ፓርላማው በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲያጸድቅ። ልጆቹ ቢያንስ እስከ 10 ዓመታቸው በእናታቸው እጅ እንዲያድጉ። ጄምስ በጁላይ 1623 ምሎ ተቀበለ፤ ቻርልስም ሁሉን እሺ አለ። አሁን ተጋባን ማለት ነው? የለም። የማድሪድ የሃይማኖት ሊቃውንት ጉባኤ፣ ቃሉ በሥራ እስኪታይ ድረስ ልጅቷ አገሯ ትቆይ አለ። ተጋብተህ ሚስትህን እስከሚቀጥለው ጸደይ ትተሃት ሂድ ማለት ነው።

ጸሐፊው የዘለሉት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ኦሊቫሬስ ገና በ1622 መጨረሻ፣ ቻርልስ ጺም ሳይለጥፍ፣ ማሪያ አና ለጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ልጅ ትሰጥ የሚል ሐሳብ ለፊሊፕ አቅርቦ ነበር። ድርድሩን የያዘው ሰው ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ይህን ባኪንግሃም በትሕትና ሊያስተካክለው ነበር?

የልጅቷን ነገር ደግሞ ተዉት። 16 ዓመቷ ነበር። መናፍቅ ከማገባ ገዳም እገባለሁ ትላለች ይባል ነበር። አንድ ጠዋት ካሳ ደ ካምፖ በሚባለው የንጉሡ አትክልት ቦታ አበባ መሃል ስትንሸራሸር ቻርልስ አጥር ዘሎ ወረደ። ጮኻ ሮጠች። ይጠብቋት የነበሩት ሽማግሌ መኮንን ከፊቱ ተንበርክከው «ይሂዱልኝ፣ እኔ ነኝ የምሞተው» ብለው ለመኑት። በሩ ተከፍቶለት ወጣ። ያለቀለት ጋብቻ የተባለው ይህ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው የያዙት ነገር ስላለ ረጋ ብዬ ልየው። በእነሱ አገር ጥሎሽ የሚከፍለው የሴቷ ወገን ነው። ስፔን ልትከፍል የተነጋገረችው ወደ 600,000 ፓውንድ ነበር። ትልቅ ገንዘብ ነው። በ1630ዎቹ ቻርልስ ያለ ፓርላማ ፈቃድ የጣለው፣ አገሩን ያስቆጣው «የመርከብ ገንዘብ» የሚባለው ግብር በዓመት የሚያስገባው ወደ 200,000 ፓውንድ ነው። ጥሎሹ የሦስት ዓመቱን ይሸፍናል ማለት ነው።

ከዚህ በላይ ግን እውነተኛው ትርፍ ሌላ ቦታ ነው፤ ጸሐፊው ቢያነሱት ክርክራቸው ይጠነክርላቸው ነበር። ጋብቻው ቢሳካ የ1625 ጦርነት አይኖርም። ቻርልስ ከማድሪድ የተመለሰው ተዋርዶ ነው። የመጀመሪያ ሥራው ስፔንን መውጋት ሆነ። በ1625 ካዲዝ ላይ የዘመተው ጦር ውሃ ሳይዝ ወርዶ፣ የወይን ጠጅ መጋዘን አግኝቶ፣ ሰክሮ ተበተነ። ዘመቻው እዚያው አለቀ። እሱ ሳይበርድ ከፈረንሳይም ጋር ተጣሉ። በ1627 ሬ ደሴት ላይ የወረደው ጦር ከግማሽ በላዩ አልተመለሰም። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ያስፈልጋል። ፓርላማው እምቢ ሲል ንጉሡ ከባለጸጋው በግድ ተበደረ፤ አላበድርም ያለውን ያለ ክስ አሰረ። ከዚህ ነው «ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር አይጣል፣ ያለ ክስ ሰው አይታሰር» የሚለው የ1628ቱ የመብት አቤቱታ የወጣው። በዚያው ዓመት አንድ የተቆጣ መኮንን ባኪንግሃምን ፖርትስመዝ ላይ በጩቤ ወጋው። ለንደን ውስጥ ለገዳዩ ጤና ጽዋ ያነሱ ነበሩ።

ይህ ሁሉ ባይሆን ቻርልስ ዘመኑን የሚጀምረው በሰላምና በጥቂት ዕዳ ነው። ይህን እሰጣለሁ። ቀላል ስጦታ አይደለም።

ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ስፔን በእርግጥ ትከፍል ነበር ወይ? በ1627 የስፔን መንግሥት ለአበዳሪዎቹ መክፈል አቆመ። በ1628 ደግሞ የሆላንዱ ፒት ሄይን ከአሜሪካ ብር ጭነው የሚመጡትን መርከቦች ኩባ ዳርቻ ላይ ጠቅልሎ ወሰደባቸው። ጥሎሹ በየጊዜው የሚከፈል ቢሆን ኖሮ ቻርልስ የሁለተኛውን ዙር እስከ ዛሬ በጠበቀ።

ሁለተኛው ይብሳል። ጸሐፊው ጥሎሹ ቻርልስን ከፓርላማ ያላቅቀዋል ይላሉ። ውሉ ግን ፓርላማው በሦስት ዓመት ውስጥ የካቶሊኮችን ነጻነት ያጽድቅ ይላል። የትኛው ፓርላማ? በ1621 የተሰበሰበው ፓርላማ ልዑሉ ፕሮቴስታንት ያግባ ብሎ ጠይቋል። ጄምስ በማያገባችሁ አትግቡ ሲላቸው፣ የመናገር መብት የአባቶቻችን ነው ብለው በመዝገባቸው ጻፉ። ንጉሡ መዝገቡን አስመጥቶ ያንን ገጽ በገዛ እጁ ቀደደው። ፓርላማውንም በተነው። ሙሽራዋ ለንደን ብትገባ እነዚሁ ሰዎች ናቸው እንደገና ተጠርተው «አጽድቁ» የሚባሉት። ቢያጸድቁ ተአምር ነው። ባያጸድቁ ስፔን ውል ፈረሰ ትላለች። ንጉሡ በራሱ ሥልጣን አደርገዋለሁ ቢል ደግሞ ጠቡ በ1642 ሳይሆን በ1626 ይመጣል። ከጥሎሹ ጋር የሚመጣው ነገር ይህ ነው፤ ጸሐፊው ገንዘቡን ቆጥረው ውሉን አላነበቡትም።

ፓላቲኔትን ቶሎ ልለፈው፤ ብዙ የሚያከራክር አይደለም። የቻርልስ እህት ኤልሳቤጥ ባሏ ፍሬድሪክ ይባላል። በ1619 የቦሄሚያን ዘውድ ተቀብሎ በ1620 ነጭ ተራራ ላይ ተሸነፈ፤ የአባቱን አገር ፓላቲኔትንም አጣ። ጸሐፊው ስፔን ለዘመዷ ለጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት «መልስለት» ትለው ነበር ይላሉ። ቀኑን ይመልከቱት። ንጉሠ ነገሥቱ የፍሬድሪክን የመራጭነት ማዕረግ (ንጉሠ ነገሥቱን ከሚመርጡት መሳፍንት አንዱ መሆንን) ሬገንስበርግ ላይ ለባቫሪያው ማክሲሚልያን የሰጠው በፌብሩዋሪ 1623 ነው። ቻርልስ ጺሙን ለጥፎ ከለንደን የወጣበት ወር! ከአገሩም አንዱን ክፍል የያዘው የራሷ የስፔን ጦር ነበር። ስፔን ከሆላንድ ጋር ጦርነቷን በ1621 እንደገና ጀምራለች፤ ወታደሮቿ ከጣሊያን ወደ ሰሜን የሚሄዱበት መንገድ በዚያ በኩል ነው። ለአማች ተብሎ መንገድ አይለቀቅም። ኦሊቫሬስም ንጉሣችን በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ጦር አያነሳም ብሎ ለእንግሊዞቹ ነግሯቸዋል።

አሁን ወደ ንግሥቲቱ። ሄንሪየታ በእርግጥ ተጠልታለች። በ1626 የባሏ የዘውድ በዓል ላይ አልገኝም አለች፤ ሥርዓቱ የፕሮቴስታንት ነውና። የራሷን ጸሎት ቤት አሠራች፣ መነኮሳቷን ይዛ መጣች። ማሪያ አና ጭምት ነበረች፣ ይህ እውነት ነው። ግን እሷም ጸሎት ቤቷን፣ ካህናቶቿንና ስፔናውያን አገልጋዮቿን ሁሉ ይዛ ነው የምትመጣው፤ ውሉ ላይ ተጽፏል። ሕዝቡ የሚያየው ጠባይዋን አይደለም። የሚያየው ስፔንን ነው።

ስፔን ለዚያ ዘመን እንግሊዛዊ ምን ነበረች? በ1554 የስፔኑ ፊሊፕ የእንግሊዝን ንግሥት ሜሪን አገባ፤ ከዚያ ፕሮቴስታንቶች በእሳት ተቃጠሉ። በ1588 ታላቁ የመርከብ ጦር ሊወራቸው መጣ። ይህን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች በ1623 ገና በሕይወት ነበሩ። ፈረንሳይ ጎረቤት ናት፣ ትጠላለች፣ ትታረቃለች። ስፔን ግን ልጅ ሲያለቅስ የሚያስፈራሩባት ነበረች።

ለዚህ ማስረጃ ብፈልግ ኦክቶበር 1623ን እጠራለሁ። ቻርልስ ያለ ሙሽራ ሲመለስ ለንደን ደመራ በደመራ ሆነች። ደወል ሌሊቱን አላቆመም። በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የተዘመረው መዝሙር እስራኤል ከግብፅ የወጣበት ነው፤ በእኛ ዳዊት 113ኛው። ግብፅ ማን እንደሆነች ማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም። በዓመቱ በኦገስት 1624 ደግሞ ለንደን ላይ በስፔኑ የቀድሞ አምባሳደር በጎንዶማር ላይ የሚያላግጥ ትያትር ወጣ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አዳራሹ ሞልቶ ታየና ተከለከለ። ጭምቷ ማሪያ አና የምትገባው እዚህ ከተማ ውስጥ ነው። ባሏ ባዶ እጁን ሲመለስ እንዲህ የተደሰተ ሕዝብ፣ ይዟት ቢመጣ ምን ያደርግ እንደነበር ለመገመት ብዙ ሐሳብ አይፈልግም።

የሱስንዮስ ነገርስ? ይህችን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ጸሐፊው ሳይደክሙ አልቀሩም፤ እንዲያውም ከጠቀሱት የበለጠ እውነተኛ ግንኙነት አለ። ያን ጊዜ የፖርቱጋልም ንጉሥ ፊሊፕ አራተኛ ነበር። ወደ እኛ አገር የሚመጡት ኢየሱሳውያን በፖርቱጋል ንጉሥ ጥላ ሥር ነው የሚመጡት። ቻርልስ ማድሪድ ደጅ ከመጥናቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገልጸዋል። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝም የሞተው በዚያው በ1622 ነው። በ1625 ደግሞ አፎንሶ ሜንዴዝ ፓትርያርክ ተብሎ ገባ። ስለዚህ አንዱ የፊሊፕ መንግሥት በአንድ እጁ ለንደንን፣ በሌላው የሱስንዮስን መናገሻ ደንቀዝን ይዞ ነበር ቢባል ውሸት አይደለም።

ንጽጽሩ ግን ቦታውን ስቷል። ዐፄ ሱስንዮስ ራሳቸው እምነት ቀይረው ሕዝቡን ተከተለኝ አሉ። ቻርልስ አልቀየረም። ማድሪድ ላይ በስንቱ ተለምኖ፣ ተሰብኮ አልቀየረም። በ1649 መገደያው መድረክ ላይ ቆሞ የሞተው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ ብሎ ነው። ካቶሊክ ሚስት ቢያገባም አገሩን ካቶሊክ የማድረግ ሐሳብ አልነበረውም። በእውነተኛው ታሪክ ካቶሊክ ሚስት አግብቶ የለ? አልሆነማ።

ሱስንዮስን ከቻርልስ ጋር የግድ ማወዳደር ካስፈለገ ቦታው ማድሪድ አይደለም፣ ኤድንብራ ነው። ጁላይ 1637። የስኮትላንድም ንጉሥ የነበረው ቻርልስ ለስኮትላንድ አዲስ የጸሎት መጽሐፍ ከላይ አዘዘ። ሳያማክር፣ ሳይጠይቅ። በቅዱስ ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን ካህኑ መጽሐፉን ገልጦ ማንበብ ሲጀምር ሴቶቹ የተቀመጡበትን በርጩማ አንስተው ወረወሩበት። ሜንዴዝ ጥምቀቱን፣ ክህነቱን፣ ጾሙን እንደ አዲስ ልሥራ ባለ ጊዜ ከላስታ እስከ ጎጃም የተነሳው ቁጣ ዓይነት ነው። ስኮትላንዶች በ1638 ቃል ኪዳን ተፈራረሙ። ቻርልስ መጽሐፉን አነሳ፤ ዘገየ እንጂ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ «ሃይማኖታችሁ ይመለስ» ብለው ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ቻርልስ ግን ጦር አዘመተ። ጦር ገንዘብ ጠየቀ። ገንዘቡ 11 ዓመት ያልጠራውን ፓርላማ አስጠራው። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው።

እዚህ ውስጥ ሚስቱ የት አለች? የለችም። የጸሎት መጽሐፉን ያዘዘው ቻርልስ ራሱ ነው። ማሪያ አናን ቢያገባም ይህን የሚያደርግ ሰው ነበር። ለዚህ ነው ጸሐፊው ሙሽራዋን ቀይረው ሙሽራውን መቀየር እንደረሱ የሚሰማኝ።

እስካሁን ሁሉ አፍራሽ ሆንኩ። ታዲያ ጋብቻው ቢሳካ ምንም አይለወጥም ነበር? እንዴታ! ይለወጥ ነበር። ጸሐፊው የተመለከቱት ለንደንን ብቻ ስለሆነ ነው ያመለጣቸው። ወደ ቪየና ይዙሩ።

ማሪያ አና በ1631 ኦሊቫሬስ እንዳሰበው የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ፈርዲናንድን አገባች። የአጎት ልጇ ነው። በ1646 በወሊድ ሞተች፤ ገና 40 አልሞላትም። ከልጆቿ ሁለቱን ልጥቀስ። አንዷ ማሪያና ናት። በ1649፣ በ14 ዓመቷ፣ ለእናቷ ወንድም ለፊሊፕ አራተኛ ተዳረች። አዎ፣ ለአጎቷ። ከእነሱ የተወለደው ካርሎስ ሁለተኛ በሽተኛ ነበር፤ ልጅ ሳይተካ በ1700 ሞተ። ለስፔን ዙፋን የተደረገው ጦርነት ከዚያ ተነስቶ አውሮፓን ከ10 ዓመት በላይ አመሰ። ሌላው ልጇ ሊዮፖልድ ነው። ወደ 50 ዓመት ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ገዛ፤ ቱርኮች በ1683 ቪየናን ሲከቡ ዙፋኑ ላይ የነበረው እሱ ነው። በ1700 የስፔን ዙፋን ለቤቴ ይገባል ሲልም ከመከራከሪያዎቹ አንዱ እናቱ ነበረች።

አሁን ይህችን ሴት ከቪየና አውጥተው ለንደን ያስቀምጧት። ሊዮፖልድ የለም። ማሪያና የለችም። ሚስቱ በ1644፣ ብቸኛ ወንድ ልጁ በ1646 የሞቱበት ፊሊፕ የሚያገባት የእህት ልጅ አያገኝም። ሌላ ዘመድ ያገባ ይሆናል፤ የዚያ ቤት ልማድ ነው። ግን ያ ካርሎስ አይወለድም። እና የስፔንን ዙፋን የመጠየቅ መብት ከእናትየው ጋር ቴምዝን ይሻገራል። በ1700 «የአያቴ ርስት ነው» የሚለው የቻርልስ ወገን ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እንግሊዝ ማድሪድን ስትጠይቅ ይታያችሁ! ጸሐፊው ይህን ቢጽፉት እኔ ምላሽ አልጽፍም ነበር፤ ቁጭ ብዬ አነብላቸው ነበር።

በለንደን በኩልም ቢሆን የሚጠፋው የቻርልስ መከራ ሳይሆን የሄንሪየታ ልጆች ናቸው። ዳግማዊ ቻርልስ የለም፣ ዳግማዊ ጄምስ የለም። ለሆላንዱ መስፍን የተዳረችው ሜሪም የለችም፤ ስለዚህ በ1688 ጦሩን በመርከብ ጭኖ የእንግሊዝን ዙፋን ሊይዝ የሚመጣው ልጇ ዊልያምም የለም።

የቀረችኝ መዝጊያቸው ናት። ፊሊፕ አማቹን አይጥልም ነበር ይላሉ። ዝምድና በነገሥታት ዘንድ ምን ያህል እንደሚሠራ ከሄንሪየታ እንይ። የፈረንሳይ ንጉሥ የወንድሟ ልጅ ነው። ባሏ በጃንዋሪ 1649 ሲገደል ፈረንሳይ በራሷ አመፅ ተጠምዳ ነበር፤ ምንም አላደረገችም። በ1657 ደግሞ ቻርልስን ካስገደሉት አንዱ ከሆነው፣ ያኔ እንግሊዝን ይገዛ ከነበረው ከክሮምዌል ጋር ጓደኛ ሆና ስፔንን ወጋች።

ፊሊፕስ? ቻርልስ በ1623 ከማድሪድ የተመለሰው ያለ ሙሽራ እንጂ ጭነት ሳይዝ አልነበረም። ፊሊፕ የቲሺያንን ሥዕል ሳይቀር ሰጥቶታል። የቻርልስ የሥዕል ፍቅር እዚያ ተቀጣጥሎ፣ ስብስቡ በአውሮፓ ከታወቁት አንዱ ሆነ። እሱ ሲሞት ፓርላማው ሁሉንም ለሽያጭ አወጣው። በስውር ከሚገዙት አንዱ ለንደን ያለው የስፔን አምባሳደር ነበር።

በዚያው ሰሞን ኮቲንግተን ማድሪድ ተመልሶ ነበር። 70 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ኤድዋርድ ሃይድ ከሚባል ባልደረባው ጋር ሆኖ፣ አባቱ ለተገደለበት ለስደተኛው ዳግማዊ ቻርልስ ገንዘብና ድጋፍ ይለምናል። ፊሊፕ አልሰጠም። በ1650 መጨረሻ እንዲያውም ቻርልስን የገደለውን መንግሥት ዕውቅና ሰጠ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ መልእክተኞች ማድሪድን ለቀው እንዲወጡ ተነገራቸው፤ ጥድፊያው ግራ አጋባቸው። ምክንያቱን ሃይድ የደረሰበት በኋላ ነው። ከወደብ የተነሱ 18 በቅሎዎች የሟቹን ንጉሥ ሥዕልና ዕቃ ጭነው ከተማዋ ሊገቡ ተቃርበው ነበር፤ እነሱ እንዲያዩ አልተፈለገም።